የናቡቴ የወይን ቦታ



በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሁሉ «መርካቶ» የሚለውን ስም ሳያነሣ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። እናት በርበሬ ልትገዛ ስትወጣ፥ አባት ለሚሠራው ቤት ቆርቆሮና ምስማር ሲፈልግ፥ ለልጅም የትምህርት ቤት ጫማ ሲገዛለት፥ መንገዱ ወደዚያው ነው። ነገር ግን ይህ ስም ከየት እንደ መጣ ልጆቻችን ቢጠይቁን ስንቶቻችን አጥርተን እንመልስላቸዋለን? «መርካቶ» በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ከ1928 ዓ.ም. በፊት የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ግን የነጩ መኖሪያና መነገጃ ከጥቁሩ ተለይቶ እንዲቆም ታቀደ። አራዳ «ፒያሳ» ተብሎ ለነጮች ሲለይ፥ አገሬው ከነገበያው ወደ ምዕራብ ተገፋ። ያም ስፍራ የአገሬው ተወላጅ ገበያ ተብሎ ተሰየመ። ዛሬ አዲስ ከተማ የምንለው ሰፈር የመርካቶ ሰፈር የሆነው በዚህ አኳኋን ነው።

እንግዲህ በየቀኑ የምንመላለስበት ምድር አንድ ጥያቄ ይዞ ይኖራል። ሰው ባሕር ተሻግሮ ያልበደለውን ሕዝብ ርስት ሊወስድ የሚነሣው ምን ፈልጎ ነው? ከወሰደስ በኋላ ለተወሰደበትም ለራሱም ምን ትቶ ያልፋል? በዚህ ወር ይህን ነገር አብረን እንመርምር።

ከሁሉ አስቀድመን በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ እናስታውስ። ንጉሥ አክዓብ ያጣው ነገር አልነበረም፤ ቤተ መንግሥትም ሠራዊትም ሰፊ ምድርም ነበረው። ይሁን እንጂ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን የወይን ቦታ ባየ ጊዜ ልቡ አላርፍ አለ። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ቢለው፥ እህል አልቀምስም ብሎ ፊቱን አዙሮ ተኛ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ እንበል። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ወታደር ልካ ወይኑን በግልጽ አላስነጠቀችም። ጾም እንዲታወጅ አዘዘች፤ ናቡቴን በሕዝቡ ፊት አስቀመጠችው፤ ሁለት ሐሰተኞች ምስክሮችንም አቁማ እግዚአብሔርንና ንጉሥን ሰድቧል አሰኘችና አስወገረችው። አክዓብም ወይኑን ሊወርስ ወረደ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ምኞት፥ ምክንያትና ደም ተያይዘው ይገኛሉ። ምኞት ብቻዋን አደባባይ ለመውጣት ታፍራለችና ልብስ ትሻለች፤ ልብሷም ብዙ ጊዜ ከቤተ መቅደስ የተሰረቀ ነው። ኤልዛቤል ጾምን ያወጀችው ስለ ጾም ተጨንቃ አይደለም፤ የናቡቴ ደም በጾም ስም ቢፈስ ጠያቂ አይኖረውም ብላ ነው።

ይኸው ነገር በታላቅ መጠን የተፈጸመው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1492 ወዲህ፥ ስፔኞች አሜሪካ ወደተባለው ምድር በተሻገሩ ጊዜ ነው። ኤርናን ኮርቴስ በ1519 በሜክሲኮ ጠረፍ ወርዶ በ1521 የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን ያዘ። ፍራንሲስኮ ፒዛሮም በ1532 ካሐማርካ በምትባለው ከተማ የኢንካውን ንጉሥ አታሁዋልፓን በተንኮል ማረከ። እነዚህ ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ ማወቅ ይጠቅማል። አብዛኞቹ ታላላቅ መኳንንት አልነበሩም፤ ስም እንጂ ሀብት የሌላቸው የትናንሽ ባላባቶች ልጆች፥ የእጅ ሠራተኞችና ዕድል ፈላጊዎች ነበሩ። ፒዛሮ ራሱ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፥ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር። ከመንግሥት ደመወዝ አያገኙም ነበር፤ ፈረሱንና መሣሪያውን ብዙ ጊዜ በብድር ገዝተው ይዘምቱና ከምርኮው እንደየመዋጮአቸው ይካፈሉ ነበር። ባለዕዳ የሆነ ወራሪ ደግሞ ባዶ እጁን ወደ አበዳሪው ለመመለስ አይደፍርም። ስለዚህ ወርቅ ባጣበት አገር ሰውን ወርቅ ያደርገዋል፤ ሰውን እንደ ዕቃ ተካፍሎ በማዕድንና በእርሻ ያሠራዋል።

ይህ ሁሉ ግን በምን ልብስ ተሸፈነ? ከ1513 ጀምሮ ወራሪዎቹ አንድ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ይዘው ይዘምቱ ነበር። ጽሑፉ ሕዝቡ ለቤተ ክርስቲያንና ለስፔን ነገሥታት እንዲገዛ ይጠይቃል፤ እንቢ ካለ ግን የሚደርስበት ጦርነትና ባርነት ሁሉ በራሱ ጥፋት የመጣ መሆኑን ይነግረዋል። ይነበብ የነበረውም ሰሚዎቹ በማያውቁት ቋንቋ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ሰው በሌለበት መንደርና ዱር ውስጥ ይነበብ ነበር። በካሐማርካም አንድ መነኩሴ መስቀልና መጽሐፍ ይዞ ወደ አታሁዋልፓ ቀረበ። ንጉሡ ማንበብ የማይችለውን መጽሐፍ ተቀብሎ ካየ በኋላ ወደ መሬት ቢጥለው፥ ያ ለጭፍጨፋው በቂ ምክንያት ሆነ። ንጉሡ አንድ ክፍል ወርቅ ሞልቶ ለቤዛው እሰጣለሁ አለ፤ ወርቁም መጣ፤ ወርቁን ከተቀበሉ በኋላ በ1533 አጥምቀው በገመድ አንቀው ገደሉት። እንደ ኤልዛቤል ጾም ሁሉ፥ እዚህም ጥምቀት ለነፍስ ግድያ መሸፈኛ ሆነች።

በዚያው ሕዝብ መካከል ግን እውነትን የተናገሩ ሰዎች አልጠፉም። አንቶኒዮ ደ ሞንቴሲኖስ የተባለው መነኩሴ በ1511 በኢስፓኞላ ደሴት፥ የአገር ገዦቹ ራሳቸው በተሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን ቆሞ በዚህ ግፍ የምትኖሩ ሁሉ በሞት ኃጢአት ውስጥ ናችሁ ብሎ ገሠጻቸው። ባርቶሎሜ ደ ላስ ካሳስ ደግሞ ራሱ ካህን ሆኖ ሳለ የአገሬውን ሰዎች ተካፍሎ የሚያሠራ ባለርስት ነበር። በ1514 ለስብከት ሲዘጋጅ መጽሐፈ ሲራክን አነበበ። እኛ ከአምላካውያት መጻሕፍት የምንቆጥረው ይህ መጽሐፍ ከድሃ ገንዘብ ወስዶ መሥዋዕት የሚያቀርብን ሰው ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ጋር ያስተካክለዋል። ላስ ካሳስም ይህን ባነበበ ጊዜ ልቡ ተመታ፤ የያዛቸውን ሰዎች ለቀቀ፤ በቀረው ረጅም ዕድሜውም ስለ ተበደሉት ሲሟገት ኖረ። እርሱም ቢሆን ከስሕተት የነጻ አልነበረም። የአሜሪካን ሰዎች ለማሳረፍ ሲል ከአፍሪካ ባሪያዎች ይምጡ ብሎ መክሮ ነበረና በኋላ በመረረ ጸጸት ጽፎበታል። አንዱን የተበደለ ለማዳን ሌላውን መበደል ጽድቅ እንዳልሆነ ከእርሱ እንማራለን።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የኢጣልያ መንግሥት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ሲመጣ ምን ፈልጎ ነበር? አንደኛው በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የደረሰበትን ሽንፈት መበቀል ነው። ሁለተኛው ለገበሬዎቹ ማስፈሪያ መሬት ነው፤ በሆለታና በቢሾፍቱ የቀድሞ ወታደሮች እርሻ እንዲያቋቁሙ ተደርጎ ነበር። ሦስተኛው ዝና ነው፤ ሙሶሊኒ የሮማን ቄሣሮች ዙፋን በዘመኑ ለማደስ ተመኝቷልና ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት መሠረትን ብሎ ዐወጀ። ወርቅና መሬት፥ ዝናና በቀል፤ እነሆ ከኮርቴስ ዘመን ጀምሮ አልተለወጡም።

ምክንያቱም እንዲሁ ነበረ። ጥቅምት 17 ቀን 1928 ዓ.ም. የሚላኖው ካርዲናል ኢልደፎንሶ ሹስተር በታላቁ ካቴድራል ሲሰብክ፥ ያ ጦር የክርስቶስን መስቀል ይዞ የባሮችን ሰንሰለት ሊሰብር፥ ለወንጌልም መንገድ ሊከፍት የሄደ አድርጎ አመሰገነው። መስቀልን ይዞ ይሄዳል የተባለው ወደ ማን ነበር? ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በመስቀል ወደ ተባረከች አገር! በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 8 ቀን ደግሞ በኢጣልያ ከተሞች ሁሉ የቀለበት ቀን ተደረገ፤ ሚስቶች የቃል ኪዳን ቀለበታቸውን ከጣታቸው እያወለቁ ለጦርነቱ ሰጡ፤ በምትኩም የብረት ቀለበት ተቀበሉ። ብዙዎቹ ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን የሚወዱ፥ በቤታቸው ደጋግ የሆኑ ሴቶች ነበሩ። ከዚያው ወር ጀምሮ የባሎቻቸው አውሮፕላን በሌሎች ሚስቶችና ልጆች ላይ የመርዝ ጢስ ያወርድ ነበር። አንድ ቤተሰብ ስጦታው የት እንደሚደርስ ሳይጠይቅ ከሰጠ፥ በጎ ልብ ብቻውን ከጥፋት እንደማያድን ይህ ነገር ያስተምራል።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። ጠላት በጄኔቭ አደባባይ የባሪያ ንግድ አለባቸው ብሎ ሲከሰን፥ ክሱ ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ ፈጽሞ በሕግ የተከለከለው ግን ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። በሜክሲኮም የትላስካላ ሕዝብ በአዝቴኮች ላይ ቂም ስለ ነበረው ከኮርቴስ ጋር ተሰለፈ፤ ያለ እርሱም ጥቂት መቶ ስፔኞች ያችን ከተማ ሊይዙ ባልቻሉ ነበር። በእኛም አገር ቂም የያዘና በጥቅም የተታለለ ባንዳ ሆኖ ጠላትን መርቷል። የወራሪው ዓላማ ባሪያን ነጻ ማውጣት እንዳልነበረ ሥራው መስክሯል፤ ነገር ግን የምንሠራው ግፍ ለሌባ በር እንደሚከፍት መካድ አንችልም። በቤቱ ውስጥ ደካማውን የሚበድል ሰው ለጠላቱ ምስክር እያዘጋጀ ነው።

ከምኞትና ከምክንያት ቀጥሎ የሚመጣው ደም ነው አልን። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አውግዙ ቢባሉ እንቢ ብለው በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተገደሉ። በ1929 ዓ.ም. አቡነ ሚካኤል በጎሬ ይህንኑ የሰማዕትነት ጽዋ ጠጡ። በዚያው ዓመት የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝቡ በጥይት፥ በአካፋና በእሳት ተፈጀ። የሟቾቹን ቍጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሎ መዝግቦታል። ግንቦት 13 ቀን ደግሞ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱ ተለቅመው በመኪና ተጭነው በጥይት ተረሸኑ። ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች ብሎ ቈጠረ፤ ቆየት ብሎም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን ጨመረ፤ በኋላ የመረመሩት ሊቃውንት ግን የሟቾቹ ቍጥር ከ1,400 እስከ 2,000 እንደሚደርስ አሳይተዋል። የወንጌልን መንገድ ሊከፍት መጣ የተባለው ጦር ያደረገው ይህን ነው።

እንግዲህ ለወሰደውስ ምን አተረፈለት? የስፔን ነገሥታት ከ1545 ጀምሮ በፖቶሲ ተራራ የተገኘውን ብር በመርከብ አጋዙ፤ ነገር ግን ገንዘቡ በጦርነትና በወለድ አለቀ፤ በ1557 መንግሥቱ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በአሜሪካም ከሰይፍ ይልቅ ፈንጣጣና ሌላ በሽታ የአገሬውን ሕዝብ ፈጀው፤ የተረፈውም ለረጅም ዘመን በገዛ አገሩ ሎሌ ሆነ። የፋሺስቶች ግዛት ደግሞ አምስት ዓመት ብቻ ቆየ። ነገር ግን ከሁሉ የሚከፋው ትርፍ ኅሊናን ማደንዘዝ ነው። ግራዚያኒ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950 በአገሩ የ19 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ፍርዱም በኢትዮጵያ ስላፈሰሰው ደም ሳይሆን ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ነበር፤ በጥቂት ወራትም ውስጥ ተለቀቀ። የመርዝ ጢስ መወርወሩን የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር በይፋ ያመነው በ1996፥ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በ2012ም አፊሌ በምትባል ከተማ ለዚሁ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠራለት። ኃጢአቱን ያልተናዘዘ ሕዝብ ለገዳዩ ሐውልት ለማቆም አያፍርም።

አንዳንድ ጊዜ ተማሪዎች «መንገድ ሠርተውልን የለም ወይ? መርካቶንስ ቢሆን እነርሱ አይደሉም ወይ የሠሩት?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና በሚገባ መመለስ አለበት። መንገዱ የተጠረገው በመጀመሪያ ጦር ቶሎ እንዲደርስ ነው፤ ብዙውንም ድንጋይ የተሸከመ የአገሬው ጀርባ ነው። ሌባ በሰረቀው ቤት ውስጥ አንድ መስኮት ቢከፍት የቤቱ ባለቤት ከመስኮቱ ብርሃን ያገኛል፤ በዚህም ሌባው ባለውለታ አይሆንም። መርካቶንም መርካቶ ያደረገው የፋሺስት ፕላን አይደለም። ፕላኑ የሰጠው ዘር ለይቶ የመግፊያ መሬት ነበር። ያን የተገፉበትን ስፍራ በአፍሪካ ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ያደረጉት፥ ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ ሊስትሮ ከመሥራት ተነሥቶ ሱቅ የከፈተው፥ ከየጠቅላይ ግዛቱ ቅቤና እህል ያመጣው፥ በምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት አንሥቶ ምድጃና ባልዲ ያደረገው፥ በሸማ ተራ ጥበብ ዘርግቶ የሸጠው ሰው ነው። ቅዱስ ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ቆመው በሚታዩበት ሰፈር ክርስቲያኑና እስላሙ ተበዳድሮና ተዋሶ ይኖራል። ለመለያየት የታቀደው ስፍራ የመገናኛ ስፍራ ሆነ። ይህ የወራሪው ምጽዋት ሳይሆን የተገፋው ሕዝብ ላብና የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

በሌላ በኩል የኢጣልያ ተወላጅ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይገባም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ ከተማይቱ ሲመለሱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ፤ ሕዝቡም ታዘዘ። ብዙ ኢጣልያውያን በአገራችን ቀርተው በጋራዥና በግንባታ ሥራ ለልጆቻችን ሙያ አስተምረዋል። ይቅርታ ግን መርሳት አይደለም። ይቅር ለማለት አስቀድሞ በደሉን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል፤ በስሙ ያልተጠራ በደል ይቅር ሊባል አይችልም፤ ይደገማል እንጂ።

አሁን ይህ ሁሉ ታሪክ ለቤታችን ምን ይላል? የአክዓብ ምኞት የነገሥታት ብቻ አይደለችም። የጎረቤቱን የአጥር ድንጋይ በሌሊት አንድ ክንድ የሚገፋ ሰው ትንሽ ፒዛሮ ነው። ሚዛኑን አጉድሎ ከዚያው ትርፍ ለታቦት ጥላ የሚገዛ ነጋዴ መጽሐፈ ሲራክን ያንብብ፤ ላስ ካሳስን ያስጨነቀው ቃል ለእርሱም ተጽፏል። ከገጠር ያመጣትን ልጅ «አሳድጋታለሁ፥ አስተምራታለሁ» እያለ ደመወዝ ሳይከፍል ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚያሠራ ቤተሰብ፥ በማይገባ ቋንቋ ማስጠንቀቂያ አንብቦ ሰውን ባሪያ ካደረገው ወታደር በምን ይለያል? ሁሉም በጎ ስም አላቸው። የወንድሙን ድርሻ የሚወስድ «ቤተሰቡን ለመጠበቅ ነው» ይላል፤ የሌላውን ሕዝብ የሚጠላም «አገሬን ስለምወድ ነው» ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ልቡ አንድ ነገር አጥብቆ በተመኘና ወዲያው ቅዱስ ምክንያት ባገኘለት ጊዜ፥ ያን ጊዜ ይፍራ። ምክንያቱ በፍጥነት ከመጣ ከኤልዛቤል እጅ የመጣ እንዳይሆን ይመርምረው።

ለልጆቻችንም በየካቲት 12ና በግንቦት 13 ይህን ታሪክ እንንገራቸው። የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ እናሳያቸው፤ ከዚያም ወደ መርካቶ ወርደን ስሙ ከየት እንደ መጣ፥ ገበያውን ግን እነማን እንደ ሠሩት እናስረዳቸው። ስንነግራቸውም ጥላቻን እንዳናወርሳቸው እንጠንቀቅ። ናቡቴ የሞተው የአባቶቹን ርስት በመጠበቅ ነው እንጂ የሌላውን በመመኘት አይደለም። ልጆቻችን ርስታቸውን እንደ ናቡቴ የሚጠብቁ፥ የባልንጀራቸውን ወይን ግን እንደ አክዓብ የማይመለከቱ እንዲሆኑ ማሳደግ የእኛ የወላጆችና የመምህራን ዕዳ ነው። ይህን ዕዳ በቃል ብቻ አንከፍለውም፤ ልጅ የሚማረው ሚዛኑን ስንይዝ፥ ወሰኑን ስንተክል፥ ለሠራተኛዋም ደመወዟን ስንቆጥር እያየ ነውና።